የእናቴ ጠበል ባህር ሲደርስ

እናቴን አንዲት ነጭ ክኒን ለማስዋጥ ብዬ አንድን ወንዝ ከምንጩ እስከ ባህር ተከትያለሁ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ይሳቅ፤ እኔን ግን በጊዜው አላሳቀኝም።

እናቴን ከደሴ ያስመጣኋት አባቴ ከሞተ በኋላ ነው። የምንኖረው አሜሪካ፣ አትላንታ ዳር ያለችው ቻምብሊ፣ ከቢውፎርድ ሃይዌይ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ውስጥ ነበር። እኔ ዳውንታውን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ፤ ጠዋት በባቡር ሄጄ ማታ ወገቤን ይዤ እመለሳለሁ። በመጣች ሰሞን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። የደም ግፊቷን ለካ፤ አላምን ብሎ ደግሞ ለካ። ከዚያ ይህችን ክኒን በየቀኑ ትዋጥ፣ ከጨው ትራቅ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም አለኝ። ቀልድ እንዳልሆነማ ለኔ ማን ሊነግረኝ! አባቴን የወሰደው ይኸው ግፊት ነው።

የአባቴን ክኒን ከዚህ የምልከው እኔ ነበርኩ። አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ ሲባል፣ አውቀዋለሁ አላውቀውም ሳልል ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ሻንጣው ጥግ ውስጥ እንዲጨምርልኝ እለምናለሁ። አንድም ጊዜ አላቋረጥኩም። ታዲያ መርዶው ከተነገረኝ በኋላ እናቴን በስልክ «ምን ሆኖ ነው?» ብላት፣ «ክኒኑ ሰለቸው፤ ትቶት ነበር» አለችኝ። ራሴን ስቼ ጮህኩባት። «ሲተወው ዝም ብለሽ አየሽው? አፉን ፈልቅቀሽ አታስውጪውም ነበር?» አልኳት። ምንም አልመለሰችም። ከመጣችም በኋላ በትንሽ ትልቁ በተጣላን ቁጥር ይህንኑ ሳላነሳባት አልቀርም ነበር። ያኔም ዝም ነው መልሷ። ዝምታዋ ደግሞ የበለጠ ያበግነኝ ነበር።

ጣጣውን ያመጣብኝ ጎረቤታችን ነው። በሎተሪ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ታክሲ ነጂ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር፣ ልቡ ንጹሕ የሆነ ሰው። አንድ ቀን ደንበኛ ይዞ ከአትላንታ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ አላባማ ድንበር አጠገብ ካሉት የኖራ ድንጋይ ኮረብታዎች ድረስ ሄደ። እዚያ ከኮረብታው ሥር፣ ከዋሻ ውስጥ፣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ምንጭ ሲፈልቅ አየ። ሰዉ በጋሎን ይቀዳል። እሱም ቀዳና በቀጥታ እናቴ ዘንድ ይዞት መጣ።

«እናቴ፣ ቅመሱልኝ እስቲ» አላት። «ቁርጥ የአገራችንን ጠበል ነው። ከዋሻ ነው የሚወጣው!»

እናቴ ሶላቷን የማታጓድል ሙስሊም ናት። ግን የወሎ ሰው ናት፤ እሷ ባደገችበት አገር ጠበል ሲባል ያንተ ነው ያንቺ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። «ውሃው የአላህ ነው» አለችና ቢስሚላሂ ብላ ጠጣች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና፣ «ወይ ጣዕም! ይህማ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም» አለች።

በቃ። ሰንበትበት ሳይል የአፓርትመንታችን አሮጊቶች ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የጠበሉ ነገር አፋቸው ላይ ሆነ። የአንዷ ጉልበት ተሻላት፤ የሌላዋ ራስ ምታት ለቀቃት። ጎረቤታችን እሁድ እሁድ የታክሲውን የኋላ ዕቃ መጫኛ በጋሎን ሞልቶ መመላለስ ጀመረ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን አለበት፣ ውሃ ነው፣ ትጠጣ ብዬ ተውኩት። አንድ ቀን ፍራሽ ሳገላብጥ የክኒን ብልቃጦቿን አገኘኋቸው። ሁሉም ሙሉ ናቸው።

«ይሄ ምንድን ነው እማዬ?»

«ጠበል ላይ ነኝ እኮ» አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «ጠበል የያዘ ሰው መድኃኒት ይቀላቅላል እንዴ?»

እንዴት እንደነደድኩ አትጠይቁኝ። ሄጄ ጎረቤታችንን በሩ ላይ አፈጠጥኩበት። ምስኪን፣ ላብ በላብ ሆነ። «እኔ መድኃኒት ያቁሙ አልኩ? አፌ ይቆረጥ!» አለ። መጥቶም እናቴን፣ «ኧረ እናቴ፣ ሁለቱንም ይውሰዱ፣ እግዚአብሔር ሐኪምንም ፈጥሯል» ብሎ ለመናት። «አንተ ገና ልጅ ነህ፣ ምን ታውቃለህ» ብላ አባረረችው። ሐኪሙ ጋ መልሼ ወሰድኳት፤ ግፊቷ ጣራ ነክቷል። እንዲህ ከቀጠለች ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል አለ። እኔ ሳስተረጉም አሳጠርኩት፤ «ትሞቻለሽ ነው የሚልሽ» አልኳት።

«አላለም» አለች። «አፉን ሳየው ነበር። የሞት ነገር የሚያወራ ሰው እንዲህ አይደለም አፉ።»

ምን ትሏታላችሁ? ቤት ስንመለስ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ ውስጡ የጋገረውን ነጭ ነገር በማንኪያ ፍቄ አሳየኋት። «ይኸውልሽ ጠበልሽ! ኖራ ነው! ግድግዳ የሚቀባ ኖራ!» አልኳት። በጣቷ ነካ አድርጋ ግንባሯን ቀባች። እጄን ራሴ ላይ ጭኜ ሶፋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ነው የወንዙ ነገር የመጣው። የጠበሉን ተራ ውሃነት ለማሳመን ስሟገታት፣ ይህ ምንጭሽ ጅረት ይሆናል፣ ጅረቱ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙ የስንቱን ከተማና የስንቱን ፋብሪካ እጣቢ እየተቀበለ ሄዶ ባህር ይደፋል፣ እንደማንኛውም ውሃ አልኳት። እሷ ወንዝ ባህር መድረሱን ከነአካቴው አላመነችም። በሷ አገር ወንዙ ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ወርዶ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ አፋር በረሃ ላይ አሸዋ ጠጥቶት ይቀራል። ባህር የደረሰ ወንዝ አይታ አታውቅም።

«በዓይንሽ አይተሻል?» አለችኝ።

«ካርታ ላይ አለ።»

«ካርታ ወረቀት ነው። መጨረሻውን አሳዪኝ። መጨረሻው እንዳልሽው ዝም ብሎ ውሃ ከሆነ ክኒንሽን እውጣለሁ።»

«ትምያለሽ?»

«ወላሂ።»

እናቴ በከንቱ አትምልም። እኔም ሱፐርቫይዘሬን ፋሚሊ ኢመርጀንሲ አለብኝ ብዬ ዴይ ኦፍ ወስጄ ከሥራ ቀረሁ። ውሸትም አልነበረም። ኢመርጀንሲዋ ኋላ ወንበር ላይ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የሻይ ቴርሞስ፣ መስገጃና የውዱዕ ጀሪካን ደርድራ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ከኔ ቀድማ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር።

ምንጩ ስንደርስ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ግራጫና ነጭ የሆነው ድንጋይ ተሰንጥቆ፣ ከጨለማው ውስጥ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ከታች ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ከፒክአፑ ጋሎን እያወረደ ይቀዳል።

«ምኑን አሞት እንደሆነ ጠይቂው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ነውር ነው።»

«ጠይቂው!»

ለምን እንደሚቀዳ ጠየቅኩት። የቧንቧው ውሃ ሻዩን ስለሚያበላሽበት ነው አለኝ። «ሰማሽ? ለሻይ ነው!» አልኳት፣ ደስ ብሎኝ። ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች በሐዘኔታ አየችውና፣ «አፍሮ ነው። ማን በሽታውን ለመንገደኛ ያወራል» አለች። ቆሎ ዘግና ሰጠችው። ተቀበላት።

ከዚያ መከተል ጀመርን። የምንጩ ውሃ ትንሽ ጅረት ሆኖ ሜዳውን ያቋርጥና ኩሳ የሚባለው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ኩሳ ደግሞ ወደ አላባማ ይሄዳል። ካርታ ላይ ቀላል ነው። ግን ወንዝና መንገድ አይስማሙም፤ መንገዱ ቀጥ ሲል ወንዙ ይጠመዘዛል፣ እኔ ስጠመዘዝ ደግሞ ወንዙ የለም። ከጋዝ ስቴሽን የገዛሁትን ካርታ መሪው ላይ ዘርግቼ ጥድ ጫካ ለጫካ ስዞር ስንት ጊዜ ጠፋሁ! አንዴ ጭቃ መንገድ ገብቼ ጎማዬ ሲሽከረከር፣ እናቴ ዳቦዋን እየቆረሰች፣ «ውሃውስ መንገዱን አልሳተም፤ የጠፋሽው አንቺ ነሽ» አለች። ጥርሴን ነክሼ ማርሹን ወደኋላ አስገባሁ።

ድልድይ ባገኘን ቁጥር «ፓርክ አድርጊ» ትለኛለች። ከእንግሊዝኛ ሁሉ መርጣ የያዘቻት ቃል ናት። እማዬ ድልድይ ላይ ፓርክ አይደረግም፣ ፖሊስ ይመጣል እላታለሁ። «ውሃውን ሳላይ እንዳለፈ በምን አውቃለሁ?» ትላለች። ከኋላ መኪናው ጡሩምባ ይነፋብኛል፣ ከጎን እሷ በሩን ልትከፍት ትታገላለች። ድልድዩን እንሻገርና ዳር ይዤ አቆማለሁ፤ እሷ ወርዳ ድንጋይ ለድንጋይ ተደግፋ ውሃው ዳር ትደርሳለች፣ እጇን ትነክራለች፣ አንድ ነገር ታነበንባለች፣ ትመለሳለች። ያልተዋጠው ክኒን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እያንዳንዱን ዳገት ስትወጣ ፊቷ ሲቀላ አያለሁ፤ አሁን ወደቀች፣ አሁን ወደቀች እያልኩ ነፍሴ አፍንጫዬ ላይ ትደርሳለች።

ግድቦቹ ጋ ስንደርስ ወንዙ ሰፍቶ ሐይቅ ሆነ። «ቆመ እኮ!» አለች ደንግጣ። አልቆመም፣ ለመብራት ገድበውት ነው፣ ከታች ይለቁታል አልኳት። ሲለቁት አይቼ ካልሄድኩ አለች። አየች። ከዚያ አንድ የወረቀት ፋብሪካ አጠገብ ስናልፍ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ይመስል ነበር። ሆን ብዬ መስኮቱን በሙሉ አወረድኩት።

«ይሸትሻል? ጠበልሽ በዚህ ነው የሚያልፈው!»

«የሚሸተው ፋብሪካው ነው» አለች ሻሿን አፍንጫዋ ላይ እያደረገች። «ውሃው ምን አደረገ? መንገደኛ ነው፤ ያልፋል።»

ሞንትጎመሪ አጠገብ ሌላ ወንዝ ተቀላቀለው፤ ከዚያ ወዲያ ስሙ ኩሳ መሆኑ ቀርቶ አላባማ ነው የሚባለው። ይህን ስነግራት እንደ ትልቅ በደል ቆጠረችው። «ስሙን ለምን ይቀይሩበታል? እንደዚህ አገር ሴት ባል ሲያገባ ስሙ ይጠፋል?» አለች። እዚያው ሞቴል አደርን። ክፍሉ ሲጋራ ይሸታል፣ ለሶላቷ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ስንከራከር እራት ሳንበላ ቀረን። በማግስቱ ጠዋት ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በዓይኔ ለመንኳት። «ቃላችን ባህሩ ዘንድ ነው» አለችኝ።

ወደ ታች በወረድን ቁጥር መሬቱ እየረጠበ፣ ወንዙ እየሰፋና እየደፈረሰ ሄደ። ዳግመኛ ስሙን ቀየረ። ሰርጥ ለሰርጥ ተከፋፍሎ ቄጠማ ውስጥ ተበተነ። እዚህ ጋ የኔም ልብ ደስ ማለት ጀመረ፤ ምክንያቱም ከዚያ እንደ መስታወት ከጠራ ምንጭ የቀረ ምንም ነገር አይታይም። ቡናማ፣ ዘገምተኛ፣ የቆሻሻ ፕላስቲክ የሚገፋ ውሃ ነው። እናቴም ፓርክ አድርጊ ማለቱን ትታለች። አሸነፍኳት አልኩ በልቤ።

ከሞቢል ከተማ አልፈን አሸዋው ላይ ወጣን። ፊት ለፊታችን ባህሩ ተዘርግቷል።

«ይኸው!» አልኳት። «መጨረሻው ይሄ ነው። ቅመሺው።»

ጫማዋን አውልቃ፣ ይዛ የወረደችውን ቴርሞስ አሸዋው ላይ ትታ እስከ ውሃው ጫፍ ሄደች፤ በመዳፏ ጨልፋ ቀመሰችና እንትፍ አለች። «ጨው ነው!»

«ጨው ነው! ሐኪሙ በጭራሽ እንዳትነኪ ያለሽ ጨው! የት አለ ጠበልሽ? በይ አሁን፣ ምለሻል።» ብልቃጡን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላት።

አላየችኝም። ባህሩን ነበር የምታየው። ከዚያ ለራሷ እንደምታወራ ሁሉ እንዲህ አለች፦ «ያን ሁሉ ግድብ። ያን ሁሉ ግማት። ስሙን ሁሉ ቀምተውት። የኛዎቹ እኮ አሸዋ ላይ ነው የሚቀሩት። ይሄ ግን ደረሰ። ልጄ፣ ይሄ ጠበል ካልሆነ ምኑ ነው ጠበል?»

ይህን ብላ ከነቀሚሷ ወደ ውሃው ገባች።

ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ልመና፣ ለዚህ! የምሆነውን አጣሁ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ተከትያት ገባሁና ክንዷን ያዝኳት። ሞገዱ ጉልበቷን ይመታታል፤ ትንገዳገዳለች። ባህሩ ዳር የተኙት ሰዎች ቀና ቀና ብለው ያዩናል፤ ጉዳዬም አልነበረም። «ልትሞቺብኝ ነው!» አልኳት፣ ጉሮሮዬ እስኪደማ። «አባዬን ክኒኑን ሲተው ዝም ብለሽ አይተሽ ገደልሽው! አሁን ደግሞ ራስሽን! እኔስ? ለኔ ማንን ልታስቀሪልኝ ነው? ለምን አታስቢልኝም?» ማልቀስ አልፈለግኩም፤ አለቀስኩ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።

እናቴ ቆመች። ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«አባትሽ ክኒኑን አልተወም» አለች።

«ምን?»

«አንድ ቀን አልተወም። እየዋጠ ነው የሞተው። በዚህ በእጄ ነበር የማስውጠው። የሞተ ቀን ጠዋትም ውጧል።»

ውሃው መጥቶ ይመታናል፣ ይመለሳል።

«ታዲያ ለምን ተወው አልሽኝ?»

«ምን ልበልሽ? አንቺ ሰው ቤት ለቤት እየለመንሽ የላክሽው መድኃኒት አላዳነውም ልበልሽ? በሰው አገር ብቻሽን፣ መርዶሽን ሰምተሽ ቁጭ ብለሽ? ትቶት ነው ብልሽ በኔ ትናደጃለሽ። እኔ እችለዋለሁ አልኩ።» እጇን አንስታ ፊቴን በእርጥብ መዳፏ ጠረገችው፤ ጨው በጨው አደረገችኝ። «ቻልኩትም። አብሽሪ፣ አልከፋኝም። ግን ያችን ነጭ ነገር ሳይ እሱ ነው የሚታየኝ። ዋጪ ስትዪኝ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ለዚያ ነው ጠበሉን የያዝኩት።»

ስንት ዓመት። ስንት ጊዜ በዚያ ነገር ስወጋት፣ ወጥ እያማሰለች፣ ልብስ እያጠፈች፣ አንድም ቃል ሳትመልስልኝ ቀርታለች። በሷ መናደድ ፈለግኩ፤ የተናደድኩትም ይመስለኛል። ማን እንድትሸከምልኝ ጠየቀሽ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «እማዬ» የሚል ብቻ ነው። ክንዷን ይዤ ቀስ ብለን ከውሃው ወጣንና አሸዋው ላይ ተቀመጥን።

ብልቃጡ አሁንም እጄ ላይ ነው። ያን ሁሉ ወር ዋጪ፣ ዋጪ፣ ዋጪ ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ አሁን አንዲቷን ቃል ማለት አቃተኝ። ልሰጣትም ልመልሰውም አልቻልኩም። እሷ አየችኝ፤ ከዚያ ብልቃጡን ከጣቶቼ መሃል ቀስ ብላ አወጣችው፣ ክዳኑን እኔን አስከፈተችኝ፣ አንዷን ክኒን መዳፏ ላይ አስቀምጣ ትንሽ አየቻት። ቢስሚላሂ አለችና ምላሷ ላይ አደረገቻት፤ ከቴርሞሱ የቀረውን የቀዘቀዘ ሻይ ተጎንጭታ ዋጠቻት።

«እሱም እንዲህ ነበር» አለችኝ አፏን እየጠረገች። «ልጄ የላከችልኝ ናት ሳይል ውጧት አያውቅም።»